የይብራዋ ደባል

ይመር ከሐይቅ መጣ በማለዳው ሚኒባስ፣
ፌስታል ታቅፎ፣ ጉልበቱ ላይ የሚያፈስ።
«መረቤ ላይ ሞታ አደረች፤ በክት ናት፣ አትበላ፤
ለውሻ ልጥላት ስል አንተ ትዝ አልከኝ ኋላ።»

ይብራ ናት። አንገቷ እንደ ረጠበ ገመድ፤
ላባዋ ግን ሞታም ውሃን እንቢ ይላል፣ እንደ ልማድ።

ኮምቦልቻ፣ ከመጋዘኑ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ናት ቤተ ሙከራችን፤
መብራት ሲሄድ መስኮቷ ናት ጄኔሬተራችን።
አንጀቷን በጨው ውሃ ዘረጋሁት በነጭ ትሪ፤
ሦስት ክንድ ከስንዝር፤ እኔ ለኪ፣ ይመር ቆጣሪ።

መጀመሪያ ኮሶዎቹ ወጡ፣ የነጭ ጥለት ቅዳጅ፣
ከጅራታቸው እየቆረሱ ዘር የሚጥሉ በየደጅ።
ይመር አየና ሳቀ። «እሷም ኮሶ አለባት?
አይ መከራ! ያን መራራ ማን በጥብጦ ያጠጣት?»
«ይሄ ሌላ ነው» አልኩት፤ «የኛ ከጥሬ ሥጋ፣
የሷ ከውሃ ቁንጫ ነው፤ እኛን አይጠጋ።»

ከዚያ ከታች፣ ከአንጀቷ ጥግ፣ ከጠባቧ ጓዳ፣
የምስር ክክ የማታህል፣ ቅጠል መሳይ እንግዳ።

በቀይ ቀለም ነከርኳት፤ እንሶስላ እንደ ሞቀች ሙሽራ
ቀላች፤ ሆዷ ውስጥ ያለው ሁሉ በራ፦
እንቁላሏ፣ የዘር ፍሬዋ (ሴትም ናት፣ ወንድም ናት)፣
አንገቷ ላይ የእሾህ ድሪ፣ ማን እንዳሰረላት።

የጦይባን ደብተር ገለጥኩ። ሠላሳ ዓመት በዚህ ወንበር
ስትለይ የኖረች ናት፣ ትልን ከትል፣ ዘርን ከዘር።
በቀይ እስክሪብቶ እንዲህ ይላል፦

፩. መምጠጫው አንድ ነው ሁለት? ሁለት ከሆነ ወደ ፬ እለፍ።
፬. አንገቱ እሾህ አለው? ካለው ቁጠር። ሳትቆጥር አትለፍ።
፯. የዘር ፍሬዎቹ ጎን ለጎን ናቸው ወይስ ፊትና ኋላ?
ካላወቅህ ተነሥ፣ እጅህን ታጠብ፣ ምሳህን ብላ።

ሰኞ ይመር ተመልሶ መጣ፤ ወሬዋን ፈልጎ።
ከቀንድ አውጣ ተወልዳ፣ በእንቁራሪት ተጠግታ፣
ይብራ ውስጥ ለወግ እንደምትበቃ ነገርኩት።
«ታዲያ አገሯ የት ነው?» አለኝ።
ዝም ስል፣ እሱ ቀጠለ፦
«አያቴ ገብረ ክርስቶስ፣ አባቴ እብሬ፣ እኔ ይመር፤
የቆጠራው ልጅ ሲመጣ ብዕሩ ይቆም ነበር።»

ቅጹ «አሳዳሪ» ይላል። «ይብራ» ብዬ ሞላሁ።
እኔም ከቦርከና ማዶ፣ እትዬ ዘምዘም ግቢ፣ ደባል ነኝ፤
በምን እጅ በሯን እንደማንኳኳ ብታውቅ
ዛሬውኑ ጓዜን ትጥልልኝ።

ማታ ለጦይባ ደወልኩ፤ ጆሮዋ ደክሟል፣ ትጮኻለች።
«እሾሁን ቆጠርክ?»
«ቆጠርኩ።»
«ስንት?»
«ሠላሳ ሰባት፣ ወይም ስድስት።»
«ወይም የሚባል እሾህ የለም!» አለችና
ሳል ያዛት፣ ስልኩን ለልጅ ልጇ ሰጠች፣
ልጁም «ደህና እደር» ብሎ ዘጋው።

ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ወገኗን ብቻ ጻፍኩ፤
የዝርያዋን ቦታ በእርሳስ ነጥብ ተውኩ።
ቀኑን፣ የሐይቁን ስም፣ ያመጣትንም ሰው፣ «ይመር እብሬ፣ ዓሣ አስጋሪ።»
አለቃዬ አይቶ፣ «ይሄ ምን ያደርጋል?» አለ። አልሰረዝኩትም።

አሁን መብራት ሄዷል። ወንበሬን ወደ መስኮቱ ሳብኩ፤
መስታወቷን አዞርኳት ወደ ቀረችው ፀሐይ፤
ከግራ ጀመርኩ፣ ከጆሮ ግንዷ፣ ጆሮ ቢኖራት፦
አንድ። ሁለት። ሦስት። አራተኛው
ጥላ ነው እሾህ? ቆይ።